እትዬ ኔቫ ጆ እና ስታልካፕ ቁጥር ሁለት

ነዳጅ በሚወጣበት አገር ሁሉ የግብር ግምት ደብዳቤ በጉጉት የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ። ሌላው ሕዝብ ደብዳቤው ሲደርሰው ይራገማል፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ይኼ ሰው ግን ከጥር ጀምሮ የፖስታ ሳጥኑን ደጅ ይጠናል። ፖስታው ገና ሳይከፈት የተቃውሞ ቅጹን ሞልቶ ጨርሷል፤ ምን እንደሚቃወም በኋላ ይደርስበታል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አውራጃ ካለ እዚያ ነዳጅ የለም ማለት ስለሆነ ቆፋሪዎች ባይደክሙ ይሻላል።

በእኛ አውራጃ፣ በምዕራብ ቴክሳስ፣ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ኔቫ ጆ ስታልካፕ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለነዱ ሃከት ከተማ ውስጥ ጎልማሳ የሚባል ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን በእሳቸው አፍ «አንተ፣ ቁጭ በል» ተብሏል። እኔ በሳምንት ሁለቴ እባል ነበር። ዛሬም ሰው ሲያዩ ፊት ለፊት አያዩም፤ ቅንድባቸውን ሽቅብ ሰቅለው፣ ከግንባራቸው በላይ መስታወት የተሰቀለ ይመስል፣ በዚያ በኩል ነው የሚያዩት።

ንብረታቸው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አያታቸው በድርቁ ዘመን ከብቱንም ቤቱንም መሬቱንም ሸጠው ከመሬቱ በታች ያለውን ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ። እኛ ዘንድ ላዩ የአንድ ሰው፣ ሥሩ የሌላ ሰው መሆን ይችላል። ሥሩ ለአሥራ አንድ ልጆች ተከፈለ፣ ከዚያም ለልጅ ልጆች። አብዛኞቹ ድርሻቸውን ለኩባንያ ሸጠው ገንዘቡን በጀልባና በፍቺ ጨረሱት። እትዬ ኔቫ ጆ አልሸጡም። ስታልካፕ ቁጥር ሁለት ከምትባለው የነዳጅ ጉድጓድ የሚደርሳቸው ድርሻ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ሁለት ስምንት ነው። ቁጥር አንድ የት ደረሰች የሚል ካለ፣ አቧራና ክስ ብቻ አውጥታ ተደፍናለች።

ለዚህች ድርሻ የሚከፍሉት ግብር በዓመት የአንድ ሳህን የጎድን ጥብስ ዋጋ ነው። ነገሩ ግን የጥብስ አይደለም። የስታልካፕ መንገድ ስሙ ተቀይሯል፣ የስታልካፕ ትምህርት ቤት የጎማ መጋዘን ሆኗል። እሳቸው ባልም ልጅም የላቸውም። በአውራጃው የግብር መዝገብ ላይ ስታልካፕ የሚል ስም የቀረው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ያቺም መስመር የእሳቸው ናት። በየዓመቱ ቅሬታቸውን ሊያሰሙ ሲቀርቡ ገና ሳይቀመጡ የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

«ስሜ መዝገቡ ላይ አለ» ይላሉ። «ስሙ ያለ ሰው ይናገራል።»

ከዚያ ለአንድ ሰዓት ይናገራሉ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅክ ለምትሉኝ፣ ይህን ዓምድ ከመጻፍ ሌላ ለአሥራ አራት ዓመት የግብር ግምት ቅሬታ ሰሚ ጉባኤ አባል ነበርኩ። ሦስት ነበርን። ሰብሳቢያችን ሩዲ ዙኒጋ የከብት መኖ ይሸጣል፤ ሦስተኛዋ አባል አበባ ይሸጣሉ፣ በስብሰባ ላይም አልፎ አልፎ ያሸልባሉ። ሥራችን የአውራጃውን ገማችና ቅር ያለውን ባለንብረት አዳምጠን በማስረጃ መፍረድ ነው። ጉዳዩን ከመስማታችን በፊት ከባለንብረቱ ጋር አንዲት ቃል እንዳልተነጋገርን ምለን እንፈርማለን። ይህ ሕግ በትልቅ ከተማ ቀላል ይሆናል። ሃከት ውስጥ ያለው የምግብ መደብር ግን አንድ ነው።

ከግንቦት እስከ ሐምሌ እኔና ሩዲ የምንኖረው እንደ ሌባ ነበር። ውሻ የሌለኝ ሰውዬ የውሻ ምግብ መደርደሪያ ጀርባ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬ ኔቫ ጆ ግን ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ለእኔ አይናገሩም። እኔ አጠገብ ይመጡና አንዱን ሐብሐብ በጣታቸው አንኳኩተው ለእሱ ይነግሩታል።

«ስማ» ይሉታል ሐብሐቡን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ «ጉድጓዷ ከምታወጣው ከአሥሩ በርሜል ዘጠኙ የጨው ውሃ ነው። ይኼንን ሳያይ የሚፈርድ ሰው ቢኖር ምን ይባላል?»

ሐብሐቡ ዝም ይላል፤ እኔም አብሬው ዝም እላለሁ።

ቀኑ ደርሶ ሲቀርቡ ደግሞ ትርዒቱን ማየት ነበር። በአንድ ወገን ኢንጂነር ግራዲ አለ፤ አውራጃው የነዳጅ ንብረት እንዲገምትለት የሚቀጥረው፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ጨዋ ወጣት። ጉድጓዷ በወር ስንት በርሜል እንደሰጠች ያያል፣ በየዓመቱ በስንት እየቀነሰች እንደምትሄድ መስመር ያሰምራል፣ በዋጋው ያባዛል፣ ወጪውን ይቀንሳል። በሚቀጥሉት ዓመታት ታመጣለች የተባለው ገንዘብ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር ብሎ ያሰላና አንድ ቁጥር ይሰጣል። በሌላ ወገን እትዬ ኔቫ ጆ አሉ፤ ካርቶን፣ ጠርሙስና ቴፕ ይዘው።

«ልጄ፣ ሄደህ አይተሃታል ወይ?» የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ይኼ ነው።

«እትዬ፣ አውራጃው ውስጥ ስድስት ሺህ ጉድጓድ አለ።»

«ስድስት ሺውን አልጠየቅኩህም። አንዷን ነው።»

«አላየኋትም፤ ግን ቁጥሮቿ…»

«እኔንም በቁጥር ብታየኝ ወጣት ነኝ» ይሉና ከጠርሙሱ በብርጭቆ ቀድተው ፊቱ ያስቀምጡለታል። «ቅመሰው። የዛሬ ሳምንት ከሷ የወጣ ነው።»

«እትዬ፣ ማስረጃ አይጠጣም» ይላል ሩዲ።

አንድ ዓመት የፓምፑን ጩኸት በቴፕ ቀርጸው አመጡ። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዝገት በዝገት ላይ ሲፋተግ ሰማን። «ትንፋሽ አጥሯታል» አሉ በኀዘን፤ «ይቺን ነው ሠላሳ ዓመት ትኖራለች የምትሉኝ?» አበባ ሻጯ ነቅተው ማን እንደታመመ ጠየቁ። ሌላ ዓመት ግራዲ መስመሩን ያሰመረበትን ወረቀት አጣጥፈው፣ የመስመሩ ጫፍ ዜሮ ላይ ደርሶ እንዲቆም አድርገው መልሰው ሰጡት። ሁሌም ጥቂት እናስቀንስላቸዋለን፤ ሁሌም «ይኼ ፍርድ ነው?» ብለው ይወጣሉ፤ በዓመቱ ይመለሳሉ። ደስተኞች ነበርን ለማለት ያኔ አፌ ባይደፍርም ነበርን።

ችግሩ የመጣው ነዳጅ የረከሰ ጊዜ ነው። ግራዲ ራሱ ድርሻቸውን በአምስት መቶ አርባ ዶላር ገምቶ መጣ። እሳቸው አራት መቶ ሰማንያ ነው ብለው ቀረቡ፣ ማስረጃቸውም የዚያን ዓመት እንከን አይወጣለትም ነበር። የወሩን ምርት ከኩባንያው ደረሰኝ ገልብጠው፣ የጥገናውን ወጪ ከሠራተኞቹ አፍ አውጥተው፣ በአውቶቡስ ሾፌር ሥርዓት ደርድረው አምጥተውታል።

ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ? በሕጋችን ከአምስት መቶ ዶላር በታች የሆነ የማዕድን ድርሻ ከግብር ነፃ ነው። ነፃ ማለት ከመዝገቡ ይወጣል ማለት ነው። እሳቸው ካሸነፉ ያቺ የስታልካፕ መስመር ትሰረዛለች። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ሩዲ ያውቃል፣ ግራዲም ያውቃል። የሚያስገርመው እትዬ ኔቫ ጆ አለማወቃቸው ነው። የግብር ሕጉን መጽሐፍ ያረጀ አንሶላ እስኪመስል አገላብጠውታል፤ «ከግብር ነፃ ስለመሆን» የሚለውን ምዕራፍ ግን ከዓመታት በፊት በስቴፕለር ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። «እኔ ምጽዋት አልጠየቅኩም» ነበር ምክንያታቸው። ሃከት ውስጥ ይህን ስህተት የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ እኛ ማስቀነስ እንወዳለን፣ ምሕረት የተደረገለት መስሎ መታየት ግን አንወድም።

ጉባኤው ደግሞ ለአመልካች ምክር መስጠት አይችልም። ብቻ ሞከርኩ።

«እትዬ፣ አምስት መቶ አርባ እኮ ጥሩ ቁጥር ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ?»

«አምስት መቶ አሥር ላይ ብንስማማስ?»

«አንተ የሃርላን ልጅ፣ እዚህ ገበያ ነው? ማስረጃዬን አይተሃል ወይስ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ተቀምጬ ነበር፤ የባሰ ዝቅ አልኩ። ማስረጃቸው እውነት ስለነበር ሦስታችንም እጃችንን አወጣን፤ አራት መቶ ሰማንያ ሆነ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው ወጡ። የአንድ ቤተሰብ ስም ከአውራጃው ሲወጣ በሩን ይዤ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።

በዓመቱ ሚያዝያ አለቀ፣ ግንቦት ገባ፣ ደብዳቤ የለም። እትዬ ኔቫ ጆ የግምት ቢሮው መስኮት ላይ ቀረቡ።

«ደብዳቤዬ ጠፍቷል» አሉ።

ጸሐፊዋ ስማቸውን ፈለገችና ፊቷ በራ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነፃ ሆነዋል። እንኳን ደስ አለዎት። ስምዎ የለም።»

የለም የሚለውን ቃል ሲሰሙ መስኮቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጸሐፊዋ በኋላ ነግራኛለች። ወጡ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያንን ምዕራፍ በወጥ ቤት ቢላ ከፍተው አነበቡት፤ በማግሥቱ ጠዋት የተቃውሞ ቅጽ ሞልተው አስገቡ። በአውራጃችን ታሪክ «ግምቱ አንሶብኛል» ብሎ ያመለከተ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ታየ፤ ቅጹ አምስት መቶ አምስት ዶላር ይባልልኝ ይላል። ሩዲ ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበበውና መነጽሩን ጠረገ።

ቀኑ ሲደርስ ካርቶኑን ይዘው መጡ፤ ጠርሙሱና ቴፑ ግን የሉም። ያ የመክፈቻ ንግግራቸውም የለም። ስሜ አለ ብለው መጀመር አልቻሉማ። ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሰማንያ ዓመታቸው በአንድ ጊዜ ሲታይባቸው ያን ቀን አየሁ፣ አንጀቴን በሉት።

ተናጋሪው ግራዲ ሆነ። «የተከበራችሁ አባላት» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «ጉድጓዷ በጣም ደክማለች። ከአሥሩ በርሜል ዘጠኙ የጨው ውሃ ነው። ትንፋሽ አጥሯታል።»

«ማነው ትንፋሽ አጥሯታል ያለው?» አሉ እትዬ።

«እርስዎ ነዎት። መዝገቡ ላይ አለ።»

«ያኔ ጉንፋን ይዟት ነበር። አርፋለች።»

«እትዬ፣ ጉድጓድ አያርፍም።»

«ሄደህ አይተሃታል ወይ?»

ግራዲ ዘንድሮ የተለየ መልስ ነበረው። «አይቻታለሁ» አለ። «ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። እውነትዎን ነው፣ በጣም ትጮኻለች።»

ይህን አልጠበቁትም። ለአሥራ አራት ዓመት የለመኑት ነገር በማይሆን ቀን ደረሰላቸው። ለጥቂት ጊዜ ወደ ካርቶኑ አጎነበሱ፤ ከዚያ አንድ የተጨማደደ ወረቀት አወጡና ጮክ ብለው አነበቡ። ግራዲ ራሱ ከስድስት ዓመት በፊት ያቀረበው ነው። ጉድጓዷ ጤነኛ ናት፣ ገና ሠላሳ ዓመት ታመርታለች፣ የአመልካቿ ሥጋት የተጋነነ ነው ይላል።

«ይኼ ያንተ ጽሑፍ ነው?»

«ነው፤ ግን እትዬ፣ ያኔ እኮ ተሳስተሃል ብለውኝ ነበር።»

«እኔ ብዙ ነገር እላለሁ። አንተ ነህ የተማርከው።»

ሩዲ ሳቁን ለመደበቅ ውሃ ጠጣ፤ ውሃው በአፍንጫው ወጣ። ከዚያ እትዬ ኔቫ ጆ ካርቶኑን ዘጉና፣ ቅንድባቸውን ሳይሰቅሉ፣ ፊት ለፊት አዩን።

«ሌላ የለኝም» አሉ። «ምርቱ እንዳልጨመረ አውቃለሁ። መዝገቡ ላይ መሆን ነው የምፈልገው። እኔ ስወጣ ስታልካፕ የሚባል ሰው እዚህ ነበር የሚል ወረቀት አይኖርም።»

ሩዲ ድምፅ ስጡ አለ። አበባ ሻጯ፣ ነቅተው ነበር፣ ማስረጃ የለም ብለው ተቃወሙ። ልክ ናቸው። ሩዲ ደገፈ፤ ምክንያቱንም አስመዘገበ፦ «ኢንጂነሩ ከስድስት ዓመት በፊት ሠላሳ ዓመት ትኖራለች ሲል አምኜው ነበር፤ አንዴ ያመንኩትን ቶሎ አልተውም።» የቀረው የኔ እጅ ነው። አወጣሁት።

«ምክንያት?» አለ ሩዲ ብዕሩን ይዞ።

ሕግ ፈለግኩ፣ ቁጥር ፈለግኩ፣ አንድም አልመጣልኝም። «ዝም ብዬ ነው» አልኩ። እንደዚያው ተጻፈ። የእትዬ ኔቫ ጆ ድርሻ አምስት መቶ አምስት ዶላር ሆነ፤ ስታልካፕ የሚለው ስም ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

አሁን ያመሰግኑኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ፤ ጉዳዩ ስላለቀ መነጋገር ይቻላል። መኪናቸው አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ።

«ለምንድነው እጅህን ያወጣኸው?» አሉኝ።

«ስምዎ እንዳይወጣ ብዬ።»

«ማስረጃ ነበረኝ?»

«አልነበረዎትም።»

«ሩዲ ውሸትም ቢሆን ምክንያት ሰጥቷል። አንተ ዝም ብዬ አልክ። ነገ በሌላው ሰው ላይ ዝም ብለህ ብታወጣስ?»

መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። በሳምንቱ ለሾመን ዳኛ ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፉ፦ ይህ ሰው ማስረጃ ሳይኖር ለአመልካች ፈርዷል፣ አመልካቿም እኔ ነኝ፣ ከጉባኤው ይነሣልኝ። ዳኛው ጠርተው «ይህ የተባለው እውነት ነው?» ሲሉኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው አልኩ። ከጉባኤው ተነሣሁ። የሰጡኝ የምስጋና ወረቀት ላይ ከማስረጃ ይልቅ ልብን አስበልጧል የሚል አልተጻፈበትም፤ እኔ ግን እንደዚያ ነው የማነበው።

መከፋት አይቀርም። ክረምቱን ሙሉ በቁጭት ተብሰለሰልኩ፤ ለሚስቴም ያቺ አሮጊት ውለታ አታውቅም አልኳት። ሚስቴ በእሳቸው አውቶቡስ ላይ ያደገች ስለሆነች፣ «ውለታ ሳይሆን ደንብ ነው የሚያውቁት፤ አንተም ታውቀው ነበር» አለችኝ።

ግንቦት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። እትዬ ኔቫ ጆ ናቸው፣ ያልተከፈተ ፖስታ ይዘው።

«አሁንም ፈራጅ ነህ?»

«አይደለሁም፤ እርስዎ አስነሡኝ።»

«እንግዲያው መነጋገር እንችላለን» አሉና አልፈውኝ ገቡ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑን ዘረገፉት። ፖስታው ሲከፈት፣ ነዳጅ ተወዶ ኖሮ ግራዲ ሰባት መቶ ሠላሳ ገምቷል። ለሁለት ሰዓት ወረቀት በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኩ፤ ሁለቴ ተሳስቼ ሁለቴም ተሰደብኩ።

በመጨረሻ ሆዴ ውስጥ ያለውን ጠየቅኩ። «እትዬ፣ ስንት ብለን እንጠይቅ?»

«እውነተኛውን።»

«እውነተኛው ከአምስት መቶ በታች ቢወጣስ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ያኔ ስሜ ይወጣል» አሉ። «ይቆጨኛል። በውሸት ግን አይቆይም።»

በብዙ ሰው ፊት የማልናገረውን አሁን እናገራለሁ፤ ይህችን ሴት እወዳታለሁ። በሐብሐብ በኩል ከጮኸችብኝ ጊዜ ጀምሮ እወዳታለሁ።

ከዚያ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የአመልካች ስም በሚለው ላይ ስታልካፕ፣ ኔቫ ጆ ብለው በትልልቅ ፊደል ጻፉ። ከሥሩ፣ ወኪል ካለ የሚለው ቦታ፣ በየዓመቱ ባዶ ሆኖ የሚመጣው፣ እዚያ ላይ የኔን ሙሉ ስም ጻፉና ብዕሩን ሰጡኝ።

«ፈርም» አሉ። «ምክንያት ከጠየቁህ ግን እኔ ነኝ የምመልሰው።»